የሊሊሳ ዋስ

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። መሪ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ሲያዩት የሚዘንበው ሌላ ሰው ላይ ይመስላል።

ከሰዓት «ጓዳ ለጓዳ»ን ሰማሁ። ሥራዬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት ሴት ድምጿ ተለውጦ የትዳሯን ጉድ በሬዲዮ ትናገራለች፣ አድማጭ እየደወለ ይመክራታል፣ በመጨረሻ ስቱዲዮ የተጋበዙት ሽማግሌዎች ያስታርቋታል፣ አገር ያለቅሳል። እኔ አላለቅስም፤ እጽፋለሁ። ሴትን ወደ ቤቷ ለመመለስ ሰው ምን ምን እንደሚል ነው የማጠናው። «ለልጆችሽ ስትይ» ሲሉ ቢጫ እቀባለሁ። «ቀን ያልፋል» አረንጓዴ ነው። «አንቺ ብልህ ነሽ» ደግሞ ሰማያዊ። የዛሬው ገጽ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ሆኗል።

አዘጋጇ ሠናይት ተማሪዬ ነበረች። ሰው በምን እንደሚያምን፣ እንባ የቱ ጋ እንደሚገባ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ጎበዝ ነበረች፣ ኤ ሰጥቻታለሁ።

የኤርፎኑ ግራ ጎን አይሠራም። ሌላ መግዛት አለብኝ።


ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

የፈተና ወረቀት። አሁንም የፈተና ወረቀት።

የዲፓርትመንቱ ኃላፊ አባይነህ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «ዶክተር፣ ያቺ የሬዲዮ ፔፐር የት ደረሰች? ማዕረግሽ እኮ እሷን ነው የሚጠብቀው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፌሚኒዝም ፌሚኒዝም ስትሉ ግን እኛን ምስኪኖቹን እንዳትጨርሱን» አለ። ሳቅኩ። ምኑ እንዳሳቀኝ አላውቅም። እንዲህ ሲል ሁሌም እስቃለሁ።


ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ዳርቱ መጣች። ታናሽ እህቴ። በአንድ እጇ ልጇን ባርኮትን፣ በሌላው ልብስ የታጨቀበት ፌስታል ይዛ።

«ሲግናል ሰፈራችን ውሃ ጠፍቷል፣ ትንሽ ቀን አንቺ ጋ እንሁን ብዬ ነው» አለች። በሐምሌ፣ ሰማዩ ተቀዶ እየወረደ! የታችኛው ከንፈሯ አብጧል። «የቁም ሳጥን በር ነው» አለች ሳልጠይቃት።

«አይ ቁም ሳጥን» አልኩና ሻይ ጣድኩ።

ሶፋው ላይ እንደ ልማዷ በቀኜ ካልሆነ አልቀመጥም ብላ አስነሳችኝ። ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም እንዲሁ ናት። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናትና ሞልቃቃ ናት።


ሐምሌ 15

እማዬ ከካራ ደወለች። ዳርቱ አንቺ ጋ ናት? አዎ። ባሏ ሊሊሳ እኮ ምሳውን ሳይበላ ነው አሉ የሚውለው። እሺ። ሰው ምን ይላል? ክፍል አለኝ ብዬ ዘጋሁባት። ክፍል የለኝም።


ሐምሌ 20፣ እሁድ

ባርኮት ካርቱን እያየች ሳለ ዳርቱ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ነገረችኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። አላቆምኩም። ባቆም ኖሮ እሷም የምታቆም መሰለኝ። አሁን ሳስበው ግን ቀና ብዬ ማየት ፈርቼ ነው።

ሊሊሳ አይጠጣም። ሲግናል ያለው የቧንቧና የቆርቆሮ ሱቁ ሰው አያጣም፣ የአሮጊት ዕቃ ተሸክሞ ታክሲ የሚያሳፍር ሰው ነው፣ እማዬ ከእኛ አስበልጣ ነው የምትወደው። ቤት ሲገባ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ዳርቱ እንዲህ ነው ያለችኝ። «ድምፁን ከፍ ሲያደርገው ባርኮት ራሷ ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ትሄዳለች፣ እትዬ። ማንም ሂጂ አይላትም።»

«ስንት ጊዜ ሆነው?» አልኩ።

«ፋሲካ ላይ ነግሬሽ ነበር እኮ።»

እውነቷን ነው፣ ነግራኛለች። ወረቀት እያረምኩ ነበር፣ በስልክ። «ስንገናኝ እናወራለን» ነው ያልኳት። ከዚያ ተገናኝተናል፤ አላወራንም።

አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ። «ሽማግሌ መላካቸው አይቀርም። ጋሽ ፉፋ ይመጣል። እማዬ ታለቅሳለች። እኔ ብቻዬን እምቢ ብል ጥጋበኛ ነው የምባለው። አንቺ ግን 'አትመለስም' ካልሽ ያከብሩሻል። አትመልሱኝ እትዬ። ኮተቤ አካባቢ አንድ ክፍል እስካገኝ እዚህ ልሁን። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

«እሺ» አልኳት። ወጡ አረረ።


ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

አዲስ ኤርፎን ገዛሁ። የዚህም ግራው አይሠራም። የቻይና ዕቃ።

ዛሬ ሬዲዮው ላይ የቀረበችው ሴት ታረቀች። ሠናይት በሚንቀጠቀጥ ድምፅ «እልል በሉላት!» አለች። ዳርቱ ልብስ እያጠፈች ትሰማ ነበር፣ «ይቺ ሴትዮ ታረቀች ወይስ ደከማት?» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።


ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ጋሽ ፉፋ ደወለ። የአባታችን ታናሽ ወንድም ነው፣ አባታችን ካረፈ ወዲህ አባትም አጎትም እሱ ነው። ጾሙ ሲፈታ፣ እሁድ፣ ካራ እማዬ ቤት ይቀመጣሉ። እሱ፣ የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሀሚድ፣ በሊሊሳ በኩል ደግሞ ወንድሙ ኦቦ ዱጋሳ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ ልጄ። ያንቺን ቃል ትሰማለች» አለኝ።

«እስቲ እናያለን ጋሼ» አልኩ። እምቢም አይደል፣ እሺም አይደል። እኔም በጋሽ ፉፋ እጅ ሁለት ጊዜ ታርቄያለሁ። ጥሩ አስታራቂ ነው። ያ ባሌ የነበረው ሰው አሁን ናዝሬት ነው የሚኖረው አሉ።


ነሐሴ 16፣ ዓርብ

የፍልሰታ በዓል። ዳርቱ አየር ልቅመስ ስላለች እንጦጦ ወጣን። ጭቃው ጉልበት ይበላል። ባህር ዛፉ ገና ያንጠባጥባል፣ ከታች ከተማው በጉም ተሸፍኖ የለም። ባርኮት ከፊት ከፊት ትሮጣለች። ዳርቱ ዳር ዳሩን፣ ውሃ በቋጠረው በኩል ትሄዳለች፣ በቀኜ። «በዚህ በደረቁ በኩል ነይ እንጂ፣ ጫማሽ እኮ በሰበሰ!» ብላት አልሰማ አለች።

«እሁድ ምን ትያቸዋለሽ?» አለችኝ።

«እውነቱን ነዋ።»

ክንዷን በክንዴ ውስጥ አስገባች። እስከ ታች ድረስ አላወጣችውም። ከብዶኝ ነበር፣ እንድታወጣው ግን አልፈለግኩም።


ነሐሴ 18፣ እሁድ

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

እማዬ ቤት። ድሮ ገብስ የምንዘራበት ላይ አሁን የሰው ፎቅ ቆሟል፣ ሳሎኑን አጨልሞታል። ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ፣ ሊሊሳ በር አካባቢ ዱካ ላይ፣ ዳርቱና እኔ ከእማዬ ጋር። ሊሊሳ ሲገባ ዣንጥላውን ውጭ አራግፎ፣ የሁሉንም ጉልበት ስሞ ነው የተቀመጠው። የኔንም።

ዳርቱ ተጠየቀች፣ ተናገረች። አላለቀሰችም። ማልቀስ ነበረባት ብዬ አሰብኩ። ለሠናይት ያስተማርኩት ነው፣ እንባ የሌለው አቤቱታ ጆሮ አያገኝም። እህቴ ስለ ሕይወቷ እየተናገረች እኔ ስለ አቀራረቧ አስባለሁ።

ሊሊሳ አልካደም። «አጥፍቻለሁ። ሰይጣን ነው» አለ። ድምፁ ተሰበረ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሽማግሌዎቹ ወጥተው መከሩና ገቡ። ሊሊሳ ተነስቶ የዳርቱ እግር ላይ ወደቀ። ዳርቱ ግድግዳውን ነው የምታየው።

«ሁለተኛ እጅህን እንዳታነሳባት ዋስ ጥራ» አለው ጋሽ ፉፋ።

ወንድሙን የሚጠራ መስሎኝ ነበር። ኦቦ ዱጋሳም ለመነሳት አኮበኮበ። ሊሊሳ ግን ቀና ብሎ አየኝ። «ዋሴ እትዬ ቢፍቱ ናት።»

«እሰይ!» አለች እማዬ። ጋሽ ሀሚድ ብቻ ፊቱን ቋጠር አደረገ። «የሚስት እህት ለባል ዋስ? ዋስነት ቀላል ነገር አይደለም። ዋስ ከወረደ እርቁም ፈረሰ ማለት ነው። ልጄ፣ ትችይዋለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዕድሉ ያ ነበር። በሩን ከፍቶልኝ ነበር።

ሁሉም ያዩኛል። ብድግ አልኩ። ሽማግሌ ፊት ሲናገሩ ብድግ ይባላል። ወጥ ቤት ውስጥ ያልኳት «እሺ» ጉሮሮዬ ላይ ነበረ፣ ይሰማኛል። አፌ ሲከፈት ግን የወጣው ይኼ ነው፦

«እችላለሁ። ዳርቱዬ፣ አንቺ ብልህ ነሽ። ቀን ያልፋል። ለልጅሽ ስትይ ቤትሽ ግቢ።»

ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ሳልሳሳት፣ በቅደም ተከተል።

ዳርቱ አየችኝ። «እሺ» አለች። ጋሽ ፉፋ መረቀ፣ «አሜን» አልን። ፌስታሏን አነሳች፣ ከኔ ቤት ስንወጣ ለምን ይዛው እንደመጣች አሁን ገባኝ። የምናገረውን ከኔ በፊት ታውቅ ነበር ማለት ነው።

መኪናው ሊነሳ ሲል ሊሊሳ ባርኮትን ከኋላ እያስቀመጠ ሳለ ዳርቱ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጄን ሳበችኝና በግራ ጆሮዬ በኩል አንድ ነገር አለችኝ። አልሰማሁም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይንጫጫል። ራሴን ነቀነቅኩ። መኪናው ሄደ።

እማዬ «የወግ ነው የተናገርሽው፣ አባትሽ በኖረና ባየሽ» አለችኝ። በላሁ። የቀረበልኝን ሁሉ በላሁ።


ነሐሴ 20

ፔፐሩን ሳሳምር ዋልኩ። እንዲህ ሠርቼ አላውቅም። አባይነህ አንብቦት፣ «ስሜት የለበትም፣ ይኼ ነው ሳይንስ!» አለኝ።


ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ዳርቱ ጋ ደወልኩ። ያነሳው ሊሊሳ ነው።

«ዋሴ! እንዴት ነሽልኝ?»

ዳርቱስ? ተኝታለች። ከሰዓት ደወልኩ። «ዋሴ! አሁን እኮ ወጣች።» ይስቃል። ከኋላው ሬዲዮ ይሰማል፣ ከፍ ብሏል። ሱቅ ስለሆነ ነው። ሱቅ መሆን አለበት።

ሌላ ኤርፎን ገዛሁ። ያው ነው።


ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

እንደምንም እጽፋለሁ።

እንደ ሁልጊዜው ኤርፎኔን በቀኝ ጆሮዬ ሰክቼ፣ ባለቀለም እስክሪብቶዎቼን ደርድሬ ተቀመጥኩ። ድምፁ የተለወጠ ነው፣ እንደ ወንድ ወፍሯል። ቃል በቃል መጻፍ ጀመርኩ።

«እህቴ ትልቅ ሰው ናት። ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ሰው በንግግር እንዴት እንደሚታለል ነው የምታስተምረው። ሽማግሌ ፊት ተነስታ፣ አንቺ ብልህ ነሽ፣ ቀን ያልፋል፣ ለልጅሽ ስትይ ቤትሽ ግቢ አለችኝ። ለባሌ ዋስ ሆነችው። አሁን ዋስ ስላለው ፊቴን አይነካም። የማይታይ ቦታ ነው የሚመታኝ።»

ዓረፍተ ነገሩን ጽፌ ጨርሼ ቢጫውን እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። እውነቱ ይኼ ነው፤ ቀብቼዋለሁም።

አድማጭ ገባ። ከሳሪስ አንዲት እናት፣ «እህትሽ የተባረከች ናት፣ እንዲህ ያለች እህት ማን አለው?» አሉ። አንድ ሰውዬ ደግሞ፣ «የተማረች ሴት እንዲህ ስትሆን ደስ ይላል» አለ።

ቦርሳዬን ሳልይዝ ወጣሁ። ታች የቆመ ራይድ ውስጥ ገብቼ ሲግናል አልኩት። ሾፌሩም የሚሰማው ያንኑ ነው። መንገድ ላይ ሠናይት ጋ በእጅ ስልኳ ደወልኩ፣ ሌላ አድማጭ እየተናገረ ሳለ አነሳችው።

«ዶክተር! ፕሮግራሜን ይሰሙታል? አቤት ደስ ሲለኝ!»

«አየር ላይ አስገቢኝ።»

«የባለሙያ አስተያየት ሊሰጡን ነው?»

«አዎ» አልኳት። ወረፋ አስያዘችኝ። በስልኩ ሙዚቃ፣ በመኪናው ሬዲዮ ሌላ እናት እየመከሩ። መገናኛ ጋ ቆምን፣ ተንፏቀቅን። ሲግናል ወረድኩ። ሾፌሩ ቦርሳ እንደሌለኝ ሲያይ «ሂጂ በቃ እናቴ» አለኝ። የሱቁ በር ላይ ስደርስ ነው «ሄሎ፣ አየር ላይ ነዎት!» ያለችኝ፣ በስልኩም በሱቁም።

ሊሊሳ ቧንቧ እየለካ ነበር። ሁለት ደንበኞች ቆመዋል።

«የባለታሪኳ እህት ነኝ» አልኩ።

ድምፄ ከመደርደሪያው ላይ ካለው ሬዲዮ ወጣ። ሊሊሳ ሬዲዮኑን አየ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየ።

ስልኩ ሲጢጥ አለ። ሠናይት፣ «እ... ሬዲዮኑን ይቀንሱልን እባክዎ፣ ድምፅ እየጮኸብን ነው» አለች።

«የኔ ሬዲዮ አይደለም። የባሏ ሱቅ ሬዲዮ ነው። ከፍ ማድረግ ይወዳል።»

ደንበኞቹ ወደ ሊሊሳ ዞሩ። ቧንቧውን እንደያዘ ቀረ።

«ዋሱ እኔ ነኝ። ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው። ብልህ ናት ያልኩት ዝም እንድትልልኝ ነው። ቀኑ አያልፍም። ልጇም ሬዲዮ ከፍ ሲል ራሷ ተነስታ መደበቅ ለምዳለች። ጋሽ ፉፋ፣ ጋሽ ሀሚድ፣ እማዬ፣ እየሰማችሁኝ ከሆነ፣ ዛሬ ከዋስነት ወርጃለሁ።»

ሠናይት ምንም አላለችም። ሬዲዮ ላይ ዝምታ አስፈሪ ነገር ነው፣ ክፍል ውስጥ ነግሬያቸዋለሁ። ከዚያ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

«እትዬ፣ ሰው ፊት?» አለኝ ሊሊሳ ቀስ ብሎ። ፈራሁት። የቆርቆሮውን ክምር ያዝኩ። ከደንበኞቹ አንዱ፣ ቀለም የነካው ቱታ የለበሰው፣ ሳይናገር መጥቶ በመካከላችን ቆመ። ዳርቱ ከሱቁ ጀርባ ካለው ቤታቸው በጓሮው በር ወጣች፣ ባርኮትና ፌስታሉ በእጇ። ፌስታሉ ከእርቁ ቀን ወዲህ አልተፈታም። እንደቋጠረችው ነው።

ወጣን።


ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ጋሽ ፉፋ፦ «ሽማግሌ አዋረድሽ። በአገር ፊት።» ዘጋብኝ።

እማዬ ስልክ አታነሳም። ዳርቱ ታሪኳን ቀድታ ለሬዲዮው የላከችው በእማዬ ስልክ ነው፣ ካራ ሽንት ቤት ገብታ። እማዬን ያስቀየማት ይኼኛው ይሁን ሌላው አላወቅንም።

ጋሽ ሀሚድ በሰው ልኮ፦ «ዋስ ወርዷል፣ እርቁ ፈርሷል። ማንም ልጅቷን ግቢ ሊላት አይችልም። ለፉፋ እኔ እነግረዋለሁ።»

ሊሊሳ ሁለት ጊዜ ደወለ። አላነሳንም። ነገ ዳርቱን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። ፔፐሩ ላይ አንድ ናሙና ጨመርኩ። ተናጋሪ፦ ሴት፣ የተማረች፣ የተበዳይ ታላቅ እህት። አባይነህ ስሜት የለበትም ብሎ ከወደደው፣ ይኼንንም ይውደደው።


መስከረም 1፣ ሐሙስ

ወጥቶልን ዋለ፣ ፀሐይ። ባርኮት አበባ ይዘው ከሚዞሩት የብሎኩ ልጆች ጋር ስትዞር ዋለች። ከምሳ በኋላ ኤርፎኖቼን አግኝታ ሦስቱንም ሞከረቻቸው። «ሁሉም ይሠራሉ እኮ!» አለች። «በሁለቱም በኩል!»

የግራ ጆሮዬን ዳሰስኩ። ዳርቱ ከጠረጴዛው ማዶ ተነስታ መጣችና በቀኜ ተቀመጠች።

«መቼ አወቅሽ?» አልኳት። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእማዬም። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ።

«ከናዝሬቱ ሰውዬ ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ያስታረቁሽ ቀን። በግራሽ በኩል ደጋግሜ ጠራሁሽ፣ አልዞርሽም።»

ብርጭቆውን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። እንግዲያው ያን ቀን፣ በመኪናው መስኮት?

«ያን ቀን ታዲያ በግራዬ የተናገርሽው ምን ነበር?»

«'ነይና ውሰጂኝ' ነው ያልኩሽ።»

«እንደማልሰማ እያወቅሽ?»

«እንዳትሰሚ ብዬ ነው እትዬ። ሰምተሽ ብትቀሪ አልችለውም ነበር። ባትመጪም፣ አልሰማችኝም እላለሁ ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ መጻፍ አልቻልኩም።